ለሽጉጥ የእንጨት እጀታ ሽፋን መሥራት፦ ለጅማ አየር የተዘጋጀ የጀማሪ መመሪያ

በሽጉጥ ላይ በገዛ እጅ ሊሠሩ ከሚችሉ ማሻሻያዎች ውስጥ የመሣሪያውን አሠራር ሳይነካ መልኩንና አያያዙን የሚለውጠው የእጀታውን ሽፋን መቀየር ነው። የመሣሪያ ጥገናን በትርፍ ጊዜው መማር የሚፈልግ ሰውም ከዚህ ቢጀምር ይመረጣል፤ ልኬትን፣ ሞረድን፣ ብሎንን በአግባቡ መፍታትንና ትዕግሥትን በአንድ ሥራ ያስተምራል፣ ቢበላሽም የሚጣለው እንጨቱ እንጂ ሽጉጡ አይደለም። ሆኖም ጀማሪዎች የሠሩት ሽፋን ክረምት ሲገባ ይጣመማል፣ በብሎኑ ዙሪያ ይሰነጠቃል፣ ወይም ሽጉጡ ላይ ተገጥሞ ይወዛወዛል። የዚህ ሁሉ መነሻ በአብዛኛው ሁለት ነገር ነው፦ እንጨቱ በደንብ ሳይደርቅ መሠራቱና ሥራው ከጀርባው ሳይሆን ከውጭው ቅርጽ መጀመሩ። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የተዘጋጀው እነዚህን ሁለት ስህተቶች ለማስቀረት ስለሆነ ደረጃዎቹን ማቀያየር አይገባም።

## ከመጀመርዎ በፊት

ፈቃድ። በኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ መያዝ የሚቻለው በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 በተደነገገው መሠረት በፈቃድ ብቻ ነው። ይህ መመሪያ የሚመለከተው በስሙ የተመዘገበ ሽጉጥና የታደሰ ፈቃድ ያለውን ሰው ብቻ ነው። የሌላ ሰው ሽጉጥ ተቀብሎ መሥራት፣ በክፍያም ይሁን በወዳጅነት፣ የትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑ ያበቃና ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ይሆናል። የመለያ ቁጥሩን አይንኩ፣ በአዲሱ ሽፋንም አይሸፍኑት። ሽፋን ስለመቀየር ጥርጣሬ ካለዎት ፈቃዱን የሰጠዎትን አካል አስቀድመው ይጠይቁ።

ሽጉጡ ከቤት አይወጣም። እንጨት ለመምረጥ ወደ አናጢ ቤት ወይም ወደ ሂርማታ ገበያ ሲሄዱ የሚይዙት አሮጌውን ሽፋንና በወረቀት የተነሣ ንድፍ ብቻ ነው። አናጢው «መሣሪያውን ካላየሁ አልሠራም» ካለ ሌላ አናጢ ይፈልጉ።

የሽጉጡ ዓይነት። ሁሉም ሽጉጥ ለጀማሪ አይመችም። ለመጀመሪያ ሥራ የሚመቸው ግራና ቀኙ ለየብቻ የተሸፈነና እያንዳንዱ ሽፋን በአንድ ብሎን የታሰረበት ዓይነት ነው፤ ብራውኒንግ ሃይ ፓወር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የማካሮቭ እጀታ ግን ግራውን፣ ቀኙንና ኋላውን አንድ ላይ የሚያቅፍ ወጥ አካል ሆኖ ከኋላ በአንድ ብሎን ስለሚታሰር ከእንጨት ፈልፍሎ ማውጣቱ የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል። የቶካሬቭ ሽፋን ከውጭ ብሎን የለውም፤ የሚለቀቀው በውስጥ በኩል ባለ መቆለፊያ ነው። እንደ ግሎክ ያሉት እጀታቸው ከሽጉጡ አካል ጋር ወጥ ሆኖ በፕላስቲክ የተሠራ በመሆኑ የሚወልቅ ሽፋን የላቸውም። ስለዚህ እነርሱን ለመፋቅም ሆነ ለመቅረጽ አይሞክሩ።

መሣሪያዎች። የሚከተሉትን አሟልተው ይቀመጡ፦

- ጫፉ ከብሎኑ ስንጥቅ ጋር በስፋትም በውፍረትም የሚገጥም ካቻቢቴ፤
- ካሊፐር፣ ሹል እርሳስና ጠንካራ ወረቀት፤
- ጥርሱ ደቃቅ የሆነ መጋዝ፤
- አንድ ጠፍጣፋና አንድ ግማሽ ክብ ሞረድ፤
- ትራፓኖ፣ 2 ሚሊ ሜትር ፑንታ፣ በብሎኑ አንገት ልክ የሆነ ፑንታ፣ እንዲሁም በብሎኑ ራስ ልክ ሆኖ ጠፍጣፋ ወለል የሚያወጣ የእንጨት ፑንታ፤
- 120፣ 180፣ 240፣ 320 እና 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት፤
- 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ወፍራም የመስኮት መስታወት፤
- ሞርሳና ለጥርሱ ማልበሻ የሚሆን ቆዳ፤
- የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ።

ከእነዚህ ውስጥ ሰዎች የሚንቁት ካቻቢቴውን ነው። የቤት ካቻቢቴ ጫፉ ወደ ታች እየሳሳ ስለሚሄድ የብሎኑን ስንጥቅ በላይኛው ጠርዝ ብቻ ይይዘውና ይልጠዋል። ርካሽ ካቻቢቴ ገዝተው ጫፉን በሞረድ፣ ሁለቱ ገጾች ትይዩ እስኪሆኑና ስንጥቁን ያለ ክፍተት እስኪሞሉት ድረስ ያስተካክሉት። ይህም ራሱ የመጀመሪያው የጥገና ትምህርት ነው።

## ደረጃ 1፦ ሽጉጡን ባዶ ማድረግ

1. አፈሙዙን ጥይት ሊያቆም ወደሚችል አቅጣጫ ያዙሩ፤ ለምሳሌ በአሸዋ ወደተሞላ ባልዲ። በጭቃና በእንጨት የተሠራ ግድግዳ ወይም የቆርቆሮ አጥር ጥይት አያቆምም። ጣትዎ ከምላጩ ውጭ ይሁን።
2. በመጀመሪያ ካዝናውን (ጥይት የሚደረደርበትን መያዣ) ያውጡ።
3. ከዚያ በኋላ ላይኛውን ተንሸራታች ክፍል ወደ ኋላ ስበው የጎረሰ ጥይት ካለ ያስወጡና ክፍሉን ወደ ኋላ እንደተሳበ ያቁሙት።
4. ጥይት የሚጎርስበትን ቀዳዳ በዓይንዎ ይዩ፣ በትንሽ ጣትዎም ይዳስሱ። በመብራት ሥር ሆነው ይህንኑ ይድገሙ።
5. ጥይቱንና ካዝናዎቹን ወደ ሌላ ክፍል ወስደው ይቆልፉባቸው። የሥራ ጠረጴዛው ላይ አንድም ጥይት መኖር የለበትም።

የ2 እና የ3 ቅደም ተከተል ከተገለበጠ፣ ማለትም ካዝናው ሳይወጣ ተንሸራታቹ ከተሳበ፣ አንዱ ጥይት ሲወጣ ሌላው ከካዝናው ተነሥቶ ይጎርሳል፤ ባዶ ነው ተብሎ የተቀመጠ ሽጉጥ የሚተኩሰው በዚህ መንገድ ነው። ብራውኒንግ ሃይ ፓወር ካዝናው ሲወጣ ምላጩን የሚያግድ አካል አለው። ነገር ግን አሮጌ መሣሪያ ላይ ያ አካል ወልቆ ወይም አልቆ ሊሆን ስለሚችል በእርሱ አይመኩ። ለምሳም ይሁን ለስልክ ከጠረጴዛው በተነሡ ቁጥር፣ ሲመለሱ ይህን ደረጃ ከ1 ጀምረው ይድገሙት።

ካልሆነልዎ፦ ተንሸራታቹ አልሳብ ካለ ወይም የጎረሰው ጥይት አልወጣ ካለ ሥራውን ያቁሙ። በዘንግ አይግፉት፣ በመዶሻም አይምቱት። አፈሙዙን በዚያው አቅጣጫ እንደያዙ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ወይም ፖሊስ ያማክሩ።

## ደረጃ 2፦ አሮጌውን ሽፋን ማውለቅ

ሽጉጡን በወፍራም ጨርቅ ላይ ያስተኙና እያንዳንዱን እርምጃ በስልክ ፎቶ እያነሡ ይሂዱ። ካቻቢቴውን ቀጥ አድርገው ወደ ታች እየተጫኑ ብሎኑን ይፍቱ። ሽፋኑን ከማንሣትዎ በፊት ጠርዙን ጥቂት ብቻ ከፍ አድርገው ሥሩን ይመልከቱ፤ በአንዳንድ ሽጉጦች ሽፋኑ ትናንሽ ምንጮችንና ፒኖችን ደግፎ የሚይዝ በመሆኑ በአንድ ጊዜ ሲነሣ ተስፈንጥረው ይጠፋሉ።

ብሎኑ ካልተፈታ፦ ዛገት የሚያላቅቅ ዘይት አንድ ጠብታ ጨምረው አንድ ሌሊት ያሳድሩት። በማግስቱም እምቢ ካለ የጋለ የብየዳ ካውያ ጫፍ በብሎኑ ራስ ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል አሳርፈው፣ ቀዝቀዝ ሲል ይሞክሩ። በእሳት ነበልባል ማሞቅ ክልክል ነው፤ የብረቱን ጥንካሬና ቀለም ያበላሻል።

ሽፋኑ ከተጣበቀ፦ ካቻቢቴ ከጎን አስገብተው አይፈልቅቁት፤ የሽጉጡን አካል ይጭራል፣ የሽፋኑንም ጠርዝ ይሰብራል። ካዝናው በሚገባበት በኩል ክፍተት ካለ በእንጨት ዘንግ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ ይግፉት። ክፍተት ከሌለ በላስቲክ መዶሻ ጎን ለጎን መታ መታ ያድርጉት።

ሽፋኑ ከወለቀ በኋላ ከሥሩ የሚገኘውን ላብ፣ አቧራና ዛገት በዘይት በራሰ ጨርቅ ያጽዱ። የጅማ አየር እርጥበታማ ስለሆነ ለዓመታት ያልወለቀ ሽፋን ሥር ዛገት ቢያገኙ አይደነቁ። ላይ ላዩን የተነሣ ዛገት በዘይትና በነሐስ ብሩሽ ይለቃል። ጉድጓድ ያወጣ ዛገት ግን ለባለሙያ የሚታይ ጉዳይ ነው። እጅዎን በሳሙና ሳይታጠቡ ምግብ አይንኩ፤ የተተኮሰበት ሽጉጥ ላይ የእርሳስ (የመርዛማው ብረት) ብናኝ ይኖራል።

አሮጌውን ሽፋን ቢሰበርም አይጣሉት፤ እስከ መጨረሻው መለኪያዎ እርሱ ነው።

## ደረጃ 3፦ እንጨቱን መምረጥና ማድረቅ

የሥራው ግማሽ ያለው እዚህ ነው፤ የሚዘለለውም ይኸው ነው።

የትኛው እንጨት? የጅማ በርጩማ ብዙ ጊዜ የሚፈለፈልበት ዋንዛ ለመቅረጽ የሚመችና መልኩም ያማረ ቢሆንም ለሽጉጥ እጀታ ይለሰልሳል፤ በብሎኑ ራስ ሥር ይረግባል፣ ጠርዙም በቀላሉ ይመታል። ለልምምድ ግን ከእርሱ የተሻለ የለም፤ የመጀመሪያውን ጥንድ በዋንዛ ፍርፋሪ ይሥሩ፣ ለመጣልም አይሳሱ። ለመጨረሻው ሥራ ወይራ ይምረጡ። ወይራ ከባድ፣ ጠንካራና ውስጡ ጥቁር ቡናማ መስመር ያለው በመሆኑ ጠርዝ ይይዛል፣ ሲለሰልስም ያለ ብዙ ቅባት ያበራል። ጥድ በስሩ፣ ማለትም በእንጨቱ ክሮች፣ አቅጣጫ ስለሚሰነጠቅ አይሆንም። የሰሳ ብናኝ አፍንጫን ክፉኛ ስለሚያስነጥስ እርሱንም ይተዉት።

በጅማ ዙሪያ ያለ ሰው ሌላ ዕድልም አለው። ያረጀ ቡና ሲጎነደል የሚወገደው ግንድ ለማገዶ ይውላል፤ ከእርሱ መካከል ወፈር ያለውን ቢመርጡ ጥቅጥቅ ያለ፣ ደቃቅና ፈዘዝ ያለ ቢጫ እንጨት ያገኛሉ። ችግሩ የግንዱ ቅጥነት ነው፤ የመሐሉ ልብ የገባበት ጣውላ ሲደርቅ መሰንጠቁ ስለማይቀር ከልቡ በአንዱ ወገን ብቻ ያለውን ክፍል መውሰድ ያስፈልጋል፤ ለአንድ ሽፋን የሚሆን 4.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት የሚሰጥ ግንድም ጥቂት ነው። ያም ሆኖ የቡና ቤተሰብ ለሆነ ሰው ከዚህ የሚበልጥ እንጨት ያለ አይመስለኝም።

ለሽፋን ብላችሁ ዛፍ አትቁረጡ፤ የሚያስፈልገው ከመዳፍ የሚያንስ ቁራጭ ስለሆነ የአናጢ ቤት ፍርፋሪ ይበቃል።

አቆራረጥ። ሁለቱ ሽፋኖች ከአንድ ቁራጭ ይውጡ፤ ከተለያየ እንጨት የወጡ ሽፋኖች መልካቸውም አደራረቃቸውም አይመሳሰልም። 11 ሴንቲ ሜትር በ4.5 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ጣውላዎች ያውጡ። የእንጨቱ ስር ከላይ ወደ ታች፣ በእጀታው ርዝመት አቅጣጫ ይሂድ። በጣውላው ጫፍ ላይ የሚታዩት የዕድሜ ቀለበቶች ለሰፊው ገጽ ቀጥ ብለው የቆሙበትን ቁራጭ ይምረጡ፤ እንጨት በቀለበቱ አቅጣጫ የሚሸበሸበው ከልብ ወደ ቅርፊት ከሚሸበሸበው እጥፍ ያህል ስለሆነ ቀለበቱ የቆመበት ጣውላ ሲደርቅ እምብዛም አይጣመምም።

አደራረቅ። አናጢው «ደረቅ ነው» ያለዎትን እንጨት እርጥብ ነው ብለው ይቀበሉት። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የሚያገኝ አገር ነው፤ ክረምቱን በተከፈተ መጠለያ ሥር ያሳለፈ ጣውላ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያድርጉ፦

1. የሁለቱን ጣውላዎች ጫፍና ጫፍ በቀለጠ ሰም ይቀቡ። እንጨት በጫፉ በኩል ፈጥኖ ስለሚደርቅ ካልተደፈነ ከጫፉ ይሰነጠቃል።
2. በመካከላቸው ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች አድርገው ይደርድሩና ፀሐይ በማያገኘው፣ አየር በሚዘዋወርበት ክፍል ውስጥ ያኑሯቸው። ምድጃ አጠገብ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም በረንዳ ላይ አያስቀምጡ።
3. በየሳምንቱ በአንድ ቀንና ሰዓት በወርቅ ሚዛን ይመዝኑና ግራሙን በእርሳስ በጣውላው ላይ ይጻፉ።
4. በሁለት ተከታታይ ሳምንታት ክብደቱ ከ0.3 ግራም በላይ ካልቀነሰ ደርቋል።

ይህ በበጋ ሳምንታትን፣ በክረምት ወራትን ይወስዳል። ጥር ላይ ያስቀመጡት ጣውላ ከበልጉ ዝናብ በፊት ሊደርስልዎ ይችላል፤ ሐምሌ ላይ ያስቀመጡትን ግን እስከ ኅዳር አይንኩት። ፈጥኖ እንዲደርስ ምድጃ ውስጥ መክተት ላዩን አድርቆ ውስጡን ይቀደዋል።

ከተጣመመ፦ በማድረቅ ጊዜ ጥቂት የተጣመመ ጣውላ ችግር የለውም፤ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት የተያዘው እርሱን ለማቅናት ነው። ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከተጣመመ ወይም ብሎኑ በሚያልፍበት ቦታ ስንጥቅ ካለ ሌላ ይቁረጡ። ስንጥቅን በኮላ ሞልቶ መቀጠል ለወንበር ይሠራል እንጂ ለዚህ አይሠራም።

## ደረጃ 4፦ ጀርባውን ማቅናት

ሽፋኑ የሚወዛወዘው ጀርባው ጠፍጣፋ ስላልሆነ ነው፤ ብሎን በማጥበቅም አይስተካከልም፣ እንዲያውም የሚሰነጠቀው ያን ጊዜ ነው።

1. 120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በመስታወቱ ላይ ወጥረው ያጣብቁ።
2. የጣውላውን ጀርባ በእርሳስ ሙሉ በሙሉ በሰያፍ መስመር ይሙሉት።
3. ጣውላውን በመስታወቱ ላይ በስሩ አቅጣጫ፣ በመሐል ጣትና በአውራ ጣት ዝቅ አድርገው ይዘው፣ ሳያሽከረክሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፉት። ጫፉን አይጫኑት።
4. የእርሳሱ መስመር ከሁሉም ቦታ እኩል ሲጠፋ ወደ 180 ይሻገሩ።

ቀጥሎ ከሽጉጡ አካል ጋር ያስማሙት። ከሻማ በላይ ማንኪያ ይዘው ያገኙትን ጥላሸት በአንድ ጠብታ ዘይት ለውሰው ሽፋኑ በሚያርፍበት ብረት ላይ በጣትዎ በስሱ ይቀቡ። ጣውላውን ቀጥ አድርገው ይጫኑና ያንሡት። ጥቁር የነካው ቦታ ከፍ ያለው ነው፤ እርሱን ብቻ በሞረድ ይንኩ። ጥቁሩ በዙሪያው ሁሉ እኩል እስኪታይ ይደጋግሙ። በሽጉጡ አካል ላይ ብቅ ያለ ፒን ወይም ቀለበት ካለ ጥላሸቱ ቦታውን በትክክል ያሳይዎታል፤ በዚያ ልክ በመሮ ትንሽ ማረፊያ ይፈልፍሉ። ለዚህ እርምጃ ግማሽ ቀን ቢፈጅ አይገረሙ።

አንዱ ጥግ አሁንም ከፍ ካለ፦ ዝቅ ያለውን በኮላና በእንጨት ዱቄት ለመሙላት አይሞክሩ፤ ከፍ ያለውን ወገን ዝቅ በማድረግ ይቀጥሉ።

## ደረጃ 5፦ የብሎኑን ቀዳዳ መብሳት

ቀዳዳው ከቅርጹ በፊት ይበሳል። ከቀዳዳው በኋላ የሚሠራው ሁሉ በብሎኑ ታስሮ ስለሚሠራ ሽፋኑ ከቦታው አይንሸራተትም።

1. የአሮጌውን ሽፋን ጀርባ ከአዲሱ ጣውላ ጀርባ ጋር ማጋጠም መስታወት ውስጥ እንደሚታይ መልክ ግራን ከቀኝ ያቀያይራል። ስለዚህ አሮጌውን ሽፋን ፊቱን ወደ ላይ አድርገው በአዲሱ ጣውላ ፊት ላይ ያስቀምጡና ቀዳዳውንና ዙሪያውን በእርሳስ ያንሡ። ጣውላዎቹ ላይ «ግራ»፣ «ቀኝ» ብለው ይጻፉ።
2. ጣውላውን ከሥሩ ሌላ ጣውላ አድርገው በሞርሳ ያጥብቁት፤ የሥር ጣውላ ከሌለ ፑንታው ሲወጣ እንጨቱን ይሸርፋል።
3. በ2 ሚሊ ሜትር ፑንታ ቀጥ አድርገው እስከ መጨረሻው ይብሱ።
4. ጠፍጣፋ ወለል በሚያወጣው ፑንታ ለብሎኑ ራስ የሚሆነውን ማረፊያ ይብሱ። ከማረፊያው ሥር ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር እንጨት መቅረት አለበት። ሽፋኑ ገና ወፍራም ስለሆነ አሁን ጥቂት ብቻ ይብሱና ጥልቀቱን ቅርጹ ካለቀ በኋላ ይጨርሱት።
5. በመጨረሻ የ2 ሚሊ ሜትሩን ቀዳዳ በብሎኑ አንገት ልክ ያስፉት።

ቀዳዳው ፈቀቅ ካለ፦ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ከሆነ በደቃቅ ክብ ሞረድ ወደሚፈለገው ወገን ያስፉት፤ የብሎኑ ራስ ይሸፍነዋል። ከዚያ ከበለጠ ከዚያው እንጨት ቡሽ ቀርጸው በኮላ ይድፈኑት፣ አንድ ቀን ያቆዩትና እንደገና ይብሱት።

## ደረጃ 6፦ ዙሪያውን መቁረጥ

ከመስመሩ ውጭ 1 ሚሊ ሜትር ትተው በመጋዝ ይቁረጡ፤ ቀሪውን በሞረድ ወደ መስመሩ ያምጡ። ሞረዱ ሁልጊዜ ከፊት ወደ ጀርባ ይሂድ፤ ከጀርባ ወደ ፊት የሄደ ሞረድ የሚታየውን ጠርዝ ይሸርፈዋል።

ሽፋኑን በብሎኑ አስረው የሚንቀሳቀሱትን ክፍሎች አንድ በአንድ ይሞክሩ። የደህንነት መቆለፊያው ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ መጨረሻው ይሄዳል ወይ? የካዝና መልቀቂያው ሙሉ በሙሉ ይጫናል ወይ? ተንሸራታቹን የሚያቆመው ክፍል እንጨት ይነካል ወይ? መቆለፊያው ግማሽ መንገድ ሄዶ በእንጨት ከቆመ ሽጉጡ የተቆለፈ ይመስላል እንጂ አልተቆለፈም። ስለዚህ በእነዚህ ክፍሎች ዙሪያ 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዉ። እንጨቱ የነካው ከሆነ የሚፋቀው እንጨቱ ብቻ ነው፤ ብረቱ በምንም ምክንያት ሞረድ አይነካውም።

## ደረጃ 7፦ ቅርጽ ማውጣት

አሁን ብቻ ወደ ውጭው ቅርጽ ይመለሱ። በእያንዳንዱ ሽፋን ፊት ላይ ከላይ እስከ ታች የመሐል መስመር ያስምሩና እስከ መጨረሻው ድረስ እንዳይጠፋ እየደጋገሙ ይሳሉት። ሁለቱን ሽፋኖች እየቀያየሩ ይሥሩ፤ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ጥንዱን ያበላሻል። ከአንዱ አሥር ጊዜ በሞረድ ከወሰዱ ከሌላውም አሥር ይውሰዱ፣ በሦስት ቦታ በካሊፐር ይለኩ።

የአሮጌው ሽፋን ውፍረት መነሻዎ ነው። እጅዎ ትንሽ ከሆነ 1 ሚሊ ሜትር ማሳሳት የምላጩን ርቀት ያቀርብልዎታል፤ እጅዎ ትልቅ ከሆነ መዳፍ የሚሞላበትን መካከለኛ ክፍል ብቻ ከፍ አድርገው ላይና ታቹን ያሳሱ። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን እንደገና አረጋግጠው ዓይንዎን ጨፍነው ይያዙትና ይክፈቱ፤ አፈሙዙ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ካዘነበለ አንደኛው ወገን ወፍሯል።

በፊቱ ላይ የሚፈለፈለውን የአልማዝ ቅርጽ መረብ ለመጀመሪያ ሥራ አይሞክሩት። አንዱ መስመር ከሳተ ቀሪው ሁሉ ይከተለዋል።

ቅርጹ ሲያልቅ የብሎኑን ማረፊያ ጥልቀት ይጨርሱና የብሎኑን ርዝመት ይመርምሩ። ሽፋኑ ከአሮጌው ከሳሳ ብሎኑ ወደ ውስጥ ዘልቆ ካዝናውን ይነካል፤ ከወፈረ ደግሞ በጥቂት ጥርስ ብቻ ይይዝና ይላላል። ባዶ ካዝና አስገብተው መልቀቂያውን ይጫኑ፤ ያለ እገዛ መውደቅ አለበት። ከያዘው ከብሎኑ ራስ ሥር ቀጭን የነሐስ ሪንግ ይጨምሩ፣ ካልበቃም አጠር ያለ ብሎን ያስቀርጹ። ዋናውን ብሎን አይቁረጡ፤ ወደ አሮጌው ሽፋን መመለስ ቢፈልጉ ያስፈልግዎታል።

## ደረጃ 8፦ ማለስለስና ቅባት

ከ120 ጀምረው ቁጥር ሳይዘሉ እስከ 400 ይሂዱ። ከ320 በኋላ በእርጥብ ጨርቅ አንድ ጊዜ ያብሱት፤ የተኛው የእንጨት ክር ተነሥቶ ሲደርቅ በ400 ይቁረጡት።

ለቅባት ከቀለም መሸጫ የሚገኘውን የተቀቀለ የተልባ ዘይት ይጠቀሙ። ያልተቀቀለው በጅማ አየር ለብዙ ቀናት ሳይደርቅ ይጣበቃል። በስሱ ይቀቡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ የተረፈውን ሙሉ በሙሉ ይጥረጉ፣ አንድ ቀን ይጠብቁ፣ ከ4 እስከ 5 ጊዜ ይድገሙ። ጀርባውንና የቀዳዳውን ውስጥ መቀባት አይርሱ፤ በአንድ ወገን ብቻ የተቀባ ሽፋን እርጥበትን በሌላው ወገን ስቦ ይጣመማል። በመጨረሻ ሰም በጥቂት የተልባ ዘይት አቅልጠው ይሹት። ሰም በቀጥታ በእሳት ላይ አይቀልጥም፤ በፈላ ውኃ ውስጥ በተቀመጠ ጣሳ ይቅለጥ።

ማስጠንቀቂያ፦ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ያለ ክብሪት ራሱን አግሎ ሊነድ ይችላል። ከሥራ በኋላ ጨርቁን ውኃ ውስጥ ይንከሩት ወይም ደጅ ላይ ዘርግተው ያድርቁት።

ከተጣበቀ፦ ቅባቱ በዝቷል። በጥቂት ተርፔንታይን በራሰ ጨርቅ አንሥተው ለሁለት ቀን ያቆዩትና በስሱ ይቀጥሉ።

## ደረጃ 9፦ መግጠምና መፈተሽ

ከሽፋኑ ሥር የሚያርፈውን ብረት ስስ ሰም ይቀቡ። ብሎኑን በሁለት ጣት በተያዘ ካቻቢቴ ቀለል አድርገው እስኪቆም ብቻ ያጥብቁ። ከዚያ በደረጃ 6 የተዘረዘሩትን ክፍሎችና ባዶውን ካዝና እንደገና ይሞክሩ። አንዱም እንኳ ቢያመነታ ሽፋኑን ያውልቁ። በጥይት የሚደረግ ሙከራ በተፈቀደ የተኩስ ልምምድ ቦታ ካልሆነ በቀር አይደረግም፤ ግቢም ይሁን የቡና ማሳ አይተካውም።

በመጀመሪያው ክረምት፣ ሰኔና ነሐሴ ላይ፣ ሽፋኑን አውልቀው ሥሩን ይመልከቱ። ብረቱ ላይ ቡናማ ነጥብ ካዩ ጀርባው በቂ ቅባት አልጠጣም ማለት ነው፤ አድርቀው ሁለት ጊዜ ይቀቡት። ሽጉጡን ዘይት በሚቀቡበት ጊዜ ሁሉ ሽፋኖቹን ያውልቁ፤ የመሣሪያ ዘይት እንጨት ውስጥ ሲሰርግ ያለሰልሰዋል፣ ያጠቁረዋልም።

## ከዚህ በኋላ የሚነካውና የማይነካው

ይህን የጨረሰ ሰው ቀጥሎ ወደ ምላጩ ማሰቡ አይቀርም። አይንኩት። ምላጩን ቀላል ለማድረግ የሚጠቅሙት የውስጥ ክፍሎች የሚነካኩበት ገጽ እጅግ ጠባብ ሲሆን፣ በአንድ የተሳሳተ የሞረድ ጭረት ሽጉጡ ሲወድቅ ወይም ተንሸራታቹ ሲዘጋ በራሱ የሚተኩስ ይሆናል። ምንጮች፣ አፈሙዝና የደህንነት መቆለፊያም ፈቃድ ላለው ባለሙያ የሚተዉ ናቸው።

ለትርፍ ጊዜ ተማሪ የሚቀረው ሰፊ ነው፦ ሁለተኛውን ጥንድ በሌላ እንጨት መሥራት፣ ለእያንዳንዱ ብሎን ልክ የሆነ ካቻቢቴ መቅረጽ፣ የሽጉጡን ማስቀመጫ ሣጥን ከዋንዛ ማውጣት፣ የብረት ቁራጭ በሞረድ ጠፍጣፋና ቀጥ አድርጎ ማስተካከልን መለማመድ። የመሮ አያያዝን ከበርጩማ ሠሪዎች፣ የሞረድ አያያዝን ከብረታ ብረት ቤት ይማሩ፤ ለሁለቱም ሲሄዱ ሽጉጡ ቤት ተቆልፎበት ይቅር።